ችግኙን ተዉትና የነዳጁን ቁጥር አሳዩን

የአክስቴ ልጅ ስቶክሆልም ትኖራለች። ዘንድሮ ለጥምቀት መጥታ በበዓሉ ማግስት ፒያሳ ቶሞካ ተገናኘን። እንደ ቤቱ ደንብ ቆመን ማኪያቶ እየጠጣን ስልኳን አውጥታ የቲኬቷን ደረሰኝ አሳየችኝ። ከዋጋው በታች አንዲት ትንሽ መስመር አለች፤ ለካርቦን ማካካሻ ይህን ያህል ዩሮ ትላለች።

«ይኸው፣ የኔን ከፍያለሁ» አለች።

«ለማን ነው የከፈልሽው?»

«ለዛፍ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። እዚያ ጓደኞቿ አውሮፕላን መሳፈር እንደሚያሳፍራቸው፣ ስዊድኖች ለዚህ ሐፍረት ራሱን የቻለ ቃል እንዳወጡለት፣ እሷም «ልሂድ? አልሂድ?» እያለች ሁለት ዓመት እንደቆየች ነገረችኝ። ሁለት ዓመት! እናቷ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ ሠራተኛ ሰፈር ቁጭ ብላ በር በሩን ስታይ የከረመችበት ሁለት ዓመት። ተናደድኩ። ቀጥላ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝና ንዴቴ ወደ እኔው ዞረ።

«እሺ፣ የእኛ አየር መንገድስ ምን እያደረገ ነው?»

«አዳዲስ አውሮፕላን አለው። ችግኝም ይተክላል» አልኩና ቆምኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ኢንጂነሪንግ ተምሬያለሁ፤ እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው። አንድ ሰርቨር በሰዓት ስንት ጥያቄ እንደሚያስተናግድ፣ የትኛው የኮድ መስመር እንደሚያዘገየው በቁጥር ካላሳየሁ ደሞዝ አይከፈለኝም። አገሬ የምትኮራበትን ትልቁን ድርጅት በተመለከተ ግን ከአፌ የወጣው መፈክር ነበር። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያ ስላሳፈረኝ ነው።

ከሐፍረቱ ልጀምር። በረራ ነውር ነው የሚለው ስብከት ባቡር ላለው ሰው የተሰበከ ነው። ከስቶክሆልም ማልሞ በባቡር ይኬዳል። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ባቡር የለም። ከአዲስ አበባ ስቶክሆልም ደግሞ ከአውሮፕላን ሌላ ያለው መንገድ በሊቢያ በረሃ የሚያልፈው ነው፤ እሱን የሄዱበት ያውቁታል። ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ቢካፈል በዓመት 0.15 ቶን አካባቢ ነው። የአንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ገደማ ይደርሳል። ይህን ልዩነት ይዞ መጥቶ እናቱን ለማየት የመጣን ሰው «እፈር» ማለት፣ ጎረቤቱን በጭስ አፍኖ «ለምን ታስላለህ?» እንደማለት ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ትኑር እንጂ የተሸከመችው ዕዳ የሷ አይደለም።

ግን ቆይ። ይህ ክርክር ለእኔና ለአክስቴ ልጅ ይሠራል፤ ለአየር መንገዱ አይሠራም። አየር መንገዱ ድሃ አይደለም። በ2017 በጀት ዓመት 7.6 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አስገብቶ 19 ሚሊዮን አካባቢ መንገደኛ አጓጉዟል። ከዓለም አቀፍ መንገደኞቹም አብዛኛው ቦሌ ላይ ወርዶ ሌላ አውሮፕላን የሚቀይር ትራንዚት ነው፤ ከሌጎስ ጓንዡ የሚሄድ ነጋዴ፣ ከጆሃንስበርግ አውሮፓ የሚሄድ ቱሪስት። የገበሬውን 0.15 ቶን ጋሻ አድርጎ ከኋላው መቆም ለዚህ ኩባንያ አያምርበትም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በመደብ ቁጥሮች የሚሠራ ግምት ነው፤ ለዓይነቱ ግን ይበቃል። አንድ ቦይንግ 787 በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል። ከቦሌ ፍራንክፈርት 7 ሰዓት ቢፈጅ 35 ቶን። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ሲነድ 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከገባው የበለጠ እንዴት ይወጣል? ያላችሁ እንደሆነ፣ ነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር ላይ ኦክስጅን እየወሰደ ስለሚከብድ ነው። ስለዚህ 110 ቶን። በ0.15 ስታካፍሉት ከ700 በላይ ኢትዮጵያውያን ዓመቱን ሙሉ የሚያወጡት ማለት ነው። ለአንድ ሌሊት፣ ለአንድ አውሮፕላን፣ ያውም ለመሄጃው ብቻ።

አሁን ዛፉን እናምጣ። አንድ ያደገ ዛፍ በዓመት 20 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል ብለን በደግነት እንያዝ። የዚያችን ሌሊት በረራ ለማካካስ 5,500 ያደጉ ዛፎች አንድ ዓመት ሙሉ መሥራት አለባቸው። አውሮፕላኑ በማግስቱም ይነሳል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ቢሄድ ለዓመቱ 2 ሚሊዮን ዛፍ ያስፈልገናል፤ ለአንድ መስመር፣ ለመሄጃው ብቻ። ያደገ ዛፍ ነው ያልኩት። በፌስታል የተያዘች፣ ፎቶ የተነሳች ችግኝ ገና ምንም አልሠራችም።

ከፒያሳ ቀና ስትሉ እንጦጦ ይታያል። ያ አረንጓዴ ነገር በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ በምኒልክ ዘመን የመጣው ከተማዋ ማገዶ ስላለቀባት ነበር። የመጣው ሊቆረጥ ነው፤ ተቆረጠም። እናቶች ጀርባቸው እስኪጎብጥ በእስር በእስር እየተሸከሙ ያወረዱት እንጨት ሁሉ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ አየር ሆኗል። ዛፍ ካርቦንን ለጊዜው ያስቀምጣል፤ ካዝና ግን አይደለም። ሚሊዮን ዓመታት ከመሬት በታች ታሽጎ የኖረን ነገር አውጥቶ አቃጥሎ፣ ነገ ድርቅ ወይም መጥረቢያ ለሚጥለው ችግኝ አደራ መስጠት የሒሳብ መዝገብ ማጭበርበር ነው።

ችግኝ መትከልን እየተቃወምኩ አይደለም፤ እንዳትሰድቡኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ሲባል እኔም ተማሪ ሆኜ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነበር። አፈር ይይዛል፣ ምንጭ ይመልሳል፣ ጥላ ይሆናል። ለእነዚህ ይተከል። የኬሮሲን ደረሰኝ ሆኖ ግን አይተከል። ከሁሉም ተቋማት በላይ ደግሞ ምርቱ ኬሮሲን በማቃጠል የሚሸጥ ተቋም፣ ስለ አካባቢ ሲጠየቅ መጀመሪያ አካፋ ማንሳት የለበትም።

ዓለም አቀፉ መድረክም ከአክስቴ ልጅ ደረሰኝ ብዙ አይርቅም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ኮርሲያ የሚባል ሥርዓት አለው። አሁን ባለንበት ምዕራፍ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 እስከ 2026፣ በሥርዓቱ በገቡ አገሮች መካከል የሚበሩ አየር መንገዶች ዘርፉ እ.ኤ.አ. በ2019 ካወጣው 85 በመቶ በላይ ለሆነው የማካካሻ ሰነድ ይገዛሉ። ከወለሉ በታች ላለው የሚጠይቃቸው የለም። ከወለሉ በላይ ላለውም ሌላ ቦታ ያለ ሌላ ሰው አልበከለም የሚል ወረቀት ይገዛሉ። ያችው ትንሽ መስመር ናት፤ በትልቁ ተጽፋ።

እንግዲህ አየር መንገድ እንዴት ነው ጉዳቱን የሚቀንሰው? መልሱ አሰልቺ ነው፤ ትንሽ ነዳጅ በማቃጠል። ሌላው ሁሉ፣ የወረቀት ኩባያውም፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ጅራትም፣ ጌጥ ነው።

እዚህ ላይ አየር መንገዱን ማመስገን ግዴታዬ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ቦይንግ 787ን ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ። ያ አውሮፕላን ከሚተካው ትውልድ 20 በመቶ ያህል ነዳጅ ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤርባስ ኤ350ንም እንደዚሁ ቀድሞ አስገባ። በእኔ ግምት እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች በዚህ አገር ለአየር ንብረት ከተደረጉት ትልልቅ ሥራዎች መሀል ናቸው። የተደረጉት ግን ለአየር ንብረት አልነበረም፤ ለኪስ ነበር። በዚህ አላፍርም፣ እነሱም ማፈር የለባቸውም። ነዳጅ ለዚህ አገር ዶላር ነው። ጠብታውም ከውጭ ተገዝቶ፣ ጅቡቲ ወደብ ወርዶ፣ በቦቴ ተጭኖ በረሃውን አቋርጦ ከባሕር ጠለል ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ቦሌ የሚቀዳው ነዳጅ አውሮፕላኑ ውስጥ ሳይገባ በፊት ሌላ ነዳጅ አቃጥሎ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ እዚህ የተቆጠበች አንዲት ኪሎ አውሮፓ ከተቆጠበችው ትበልጣለች።

ከፍታውን ካነሳሁ አይቀር። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ክንፍ የሚደገፈው በአየር ነው፣ ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ነዳጁንም ሰውንም ሞልቶ መነሳት አይችልም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ሲሄድ ግን መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው «ለምንድነው የምንቆመው?» ብሎ ሲያጉረመርም ነው። አንድ ተጨማሪ ማረፍ፣ አንድ ተጨማሪ መነሳት፤ ከበረራ ውስጥ ነዳጅ በላተኛው ደግሞ መነሳቱ ነው። በዚያ ላይ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ በሱዳን ሰማይ ያልፉ የነበሩ መስመሮች እየዞሩ ነው የሚሄዱት። ጦርነት ኬሮሲን ያቃጥላል ብሎ የሚቆጥረው የለም።

ከፍታውን መቀየር አንችልም። (ቢሾፍቱ ላይ በከፊል እየተቀየረ ነው፤ እመለስበታለሁ።) መሬት ላይ ያለውን ግን ነገ ጠዋት መቀየር እንችላለን። አንድ አውሮፕላን ቆሞ መንገደኛ ሲያወርድና ሲጭን መብራቱና ማቀዝቀዣው እንዲሠራ ጅራቱ ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር ትነሳለች። ለመካከለኛ አውሮፕላን በሰዓት 100 ኪሎ አካባቢ ነዳጅ ትጠጣለች፤ ለትልቁ ከዚያ በላይ። መሬት ላይ ኤሌክትሪክ መሰኪያና የቀዘቀዘ አየር ካለ ግን ከመነሻው ጥቂት ደቂቃ በፊት ካልሆነ መነሳት የለባትም። ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል? ጀርመን ቢሆን ከፊሉ ከድንጋይ ከሰል ነው። እኛ ጋ ከ90 በመቶ በላዩ ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ መርቀናል። ለዚያ ግድብ ቦንድ ያልገዛ ማን አለ? ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና አገር እንዳይገባ የከለከልን አገር ነን። ታዲያ በዚያው አገር ሜዳ ላይ የቆመ አውሮፕላን ለመብራቱ ኬሮሲን የሚያነድበት አንዲት ደቂቃ ለምን ትኖራለች? ቦሌ ላይ ብዙ አውሮፕላን ከተርሚናሉ ርቆ ሜዳ ላይ ነው የሚቆመው፤ መንገደኛው በአውቶቡስ ይመላለሳል። መሰኪያው እያንዳንዱ ማቆሚያ ድረስ ይሂድ። አውቶቡሱም፣ ሻንጣ ጎታቹም፣ አውሮፕላን ገፊውም በግድቡ መብራት ይሂዱ። ይህ ህልም አይደለም፤ ኬብል ነው።

አውሮፕላኑ ራሱ ለምን በባትሪ አይበርም? ለሚለው መልሱ አጭር ነው። አንድ ኪሎ ኬሮሲን 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይይዛል፤ አንድ ኪሎ ባትሪ ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ። ፍራንክፈርት ድረስ በባትሪ የሚሄድ አውሮፕላን የሚጭነው ባትሪ ብቻ ነው።

ለእኔ ቢጤ ኮድ ጻፊ ደግሞ አንድ ሥራ አለ። አውሮፕላን ከኋላው የሚተወው ነጭ ጭረት ውበት ብቻ አይደለም። ሌሊት ላይ እንደ ብርድ ልብስ የምድርን ሙቀት ያፍናል፤ ቀን ላይ ቢያንስ ፀሐይን በከፊል ይመልሳል፣ ሌሊት ግን ማፈን ብቻ ነው። ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄዱት የእኛ በረራዎች የሚነሱት ደግሞ አብዛኞቹ ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ጉግልና አሜሪካን ኤርላይንስ በ70 በረራዎች ሞክረው፣ የአየር ትንበያ ተጠቅመው ከፍታን ትንሽ ዝቅ ከፍ በማድረግ ብቻ ጭረቱን በ54 በመቶ ቀነሱ። ከፍታ በቀየሩት በረራዎች ላይ 2 በመቶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ወስዷል፤ ነፃ አይደለም ማለት ነው። ግን አዲስ ሞተር አልተገዛም። ሶፍትዌር ነው። እዚህ አራዳ ውስጥ ለውጭ ደንበኛ የምግብ ማዘዣ አፕ የሚሠሩ ስንት ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ!

አሁን ልቤ ወዳለበት ነገር ልምጣ፤ ወደ ጎመን ዘር።

አያቴ ሠራተኛ ሰፈር እንጀራ ስትጋግር ከምጣዱ አጠገብ በትንሽ ሰሃን የተወቀጠ ጎመን ዘር አይጠፋም ነበር። ከያንዳንዱ እንጀራ በፊት ነስነስ አድርጋ በጨርቅ ምጣዱን ታሰሻለች። ቅባቱ ምጣዱን ያለሰልሳል፣ እንጀራው አይዝም፣ ዓይን ያወጣል። ያ ሽታ እስካሁን ቤት ማለት ነው ለኔ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስለ ነዳጅ ኬሚስትሪ ሳነብ ብራሲካ ካሪናታ የሚል ስም አገኘሁ። ፈረንጆቹ በተለምዶ የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ይሉታል። ፎቶውን ስከፍት የአያቴ ማሰሻ ነው!

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በአንድ ፋልከን 20 ጄት ምንም ኬሮሲን ሳይቀላቀልበት መቶ በመቶ በዚህ ዘር ዘይት የተሠራ ነዳጅ አበረረ፤ ለሲቪል ጄት በዓለም የመጀመሪያው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ደግሞ የአውስትራሊያው ቃንታስ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ቦይንግ 787 ሲያበር ከነዳጁ 10 በመቶው ከካሪናታ ነበር። ከዚህ ደጋ የወጣ ዘር፣ በካናዳ ኩባንያ ተሻሽሎ፣ በአውስትራሊያ አውሮፕላን ፓስፊክን ተሻገረ። እኛ በቤታችን ምጣድ እናሰሻለን። ቡናን ያየ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ ዘሩ የኛ፣ ሒሳቡ የሌላ።

ተጠንቀቁ ግን፤ እኔም ራሴን እያስጠነቀቅሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አገሪቱ የባዮፊውል ስትራቴጂ አውጥታ ነበር። በጃትሮፋና በጉሎ ስም ባለሀብት መጣ፣ መሬት ወሰደ፤ በምሥራቅ ሐረርጌ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ውስጥ ሳይቀር ጉሎ ሊዘራ ተመነጠረ። ነዳጁ አልመጣም፤ መሬቱ ግን ሄደ። ጎመን ዘርም የጤፍ መሬት ነጥቆ ከተዘራ ያው ነው። ካናዳና አሜሪካ ውስጥ የተደነቀው ዋናው ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ወይም በፈረቃ መዘራት ስለሚችል ነው። ዘይቱ ለነዳጅ ይሄዳል፣ ፋጉሎው ለከብት። ይህ የሚሠራው ዘሩን ገበሬው በሚሸጥበት ዋጋ ሲፈርም እንጂ በኢንቨስተር ካርታ ሲከለል አይደለም።

ደግሞም ተአምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም የተመረተው ዘላቂ የአቪዬሽን ነዳጅ 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ ከጠቅላላው የአውሮፕላን ነዳጅ 0.3 በመቶ። ዋጋው ከኬሮሲን ሁለት እስከ አምስት እጥፍ ነው። አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. በ2050 የተጣራ ልቀታችን ዜሮ ይሆናል ብለው የፈረሙት ቃል ግን ሁለት ሦስተኛው የቆመው በዚህች 0.3 በመቶ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 ጀምሮ በኤርፖርቶቹ የሚሸጥ ነዳጅ 2 በመቶ ከዚህ እንዲሆን አዟል፤ በ2030 6፣ በ2050 70 በመቶ። ማለትም የእኛ አውሮፕላኖች ፍራንክፈርት ላይ ሲቀዱ የዚህን ዋጋ መክፈል ጀምረዋል። ጥያቄው ያን ገንዘብ ሁልጊዜ ለሌላ ገበሬ እንከፍላለን ወይ ነው።

እዚህ ድረስ ያነበበ ወዳጄ «ታዲያ አየር መንገዱ ይህን ሁሉ አያውቅም ብለህ ነው?» ይለኝ ይሆናል። ያውቃል። ከኔ አሥር እጥፍ የሚያውቁ መሐንዲሶች አሉት። የኔ ጠብ ሌላ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ዜናው ሲነበብ የምንሰማው ገቢ፣ መንገደኛ፣ ጭነት፣ አዲስ መዳረሻ ነው። ከነሱ እኩል በዚያው አንቀጽ መነበብ ያለበት ቁጥር አለ፤ ዘንድሮ ስንት ቶን ነዳጅ አቃጠልን? አንድን ቶን ጭነት አንድ ኪሎ ሜትር ለማድረስ ስንት ግራም ፈጀብን? ካምናው ወረደ ወይስ ወጣ?

የንግድ ምስጢር ነው እንዳትሉኝ። የአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች በየወሩ ስንት ጋሎን እንዳቃጠሉ ለመንግሥታቸው ያሳውቃሉ፣ መንግሥትም ለሕዝብ ያወጣዋል። ሉፍታንዛ አንድን መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር ለማድረስ ስንት ሊትር እንደፈጀበት በሪፖርቱ ይጽፋል። አልከሰሩም። የእኛው ደግሞ ባለቤቱ ሕዝብ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገበት ቀን ጀምሮ የእኛ ነው ተብለን ያደግን ነን። የእኛ ከሆነ መዝገቡን ማየት ብርቅ አይደለም። በኔ ሙያ ያልተመዘገበ ነገር አይሻሻልም፤ «ሲስተሙ ፈጥኗል» ብሎ ሎግ የማያሳይ ባልደረባ ካለ አልፈጠነም ማለት ነው።

ቁጥሩ የሚያስፈልገው በተለይ ቢሾፍቱ ስላለ ነው። አቡሴራ ላይ 12.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ አዲስ ኤርፖርት ግንባታው በጥር 2018 ዓ.ም. ተጀምሯል። በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ይህ እውነተኛ የነዳጅ ቁጠባ ነው፤ ለያንዳንዱ በረራ። ግን በረራው ሦስት እጥፍ ከሆነስ? እያንዳንዱ አውሮፕላን 20 በመቶ ቆጥቦ አውሮፕላኖቹ በሦስት ቢባዙ ድምሩ ምን እንደሚሆን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ያሰላዋል። እኔ አትደጉ አልልም። ይህ አህጉር ከዓለም ሰማይ ገና ድርሻውን አላገኘም፤ ይደግ። ሲያድግ ግን «አረንጓዴ ኤርፖርት» የሚለው ቃል ከሕንፃው ጣሪያ ወርዶ ከነዳጁ ድምር ጋር ይተያይ። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ኤርፖርት ደግሞ ሰውን በኤሌክትሪክ ባቡር ካላደረሰ ከሰማይ የቆጠበውን መንገድ ላይ ይደፋዋል።

ከዚያ መሬት የተነሱ ገበሬዎች አሉ። ፒያሳ ለሚሠራ ሰው ይህ ዜና በሩቅ አይሰማም። ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ከቢሮዬ መስኮት አይቻለሁ። ዛሬ እዚያው ሣርና አበባ፣ የብስክሌት መንገድና መብራት አለ። ያምራል፤ እውነት ነው ያምራል። በምሳ ሰዓት እኔም እዚያ ነው የምቀመጠው። ግን አንድ ነገር አስተማረኝ፤ አረንጓዴ ሲቀባ ከሥሩ የነበረውን የሚጠይቅ ይጠፋል። የአቡሴራ ገበሬ መሬቱን ለአገር ብሎ ለቅቋል ከተባለ፣ በዚያ መሬት ላይ የሚነሳው አውሮፕላን ስንት እንደሚያቃጥል የማወቅ መብቱ ከማናችንም ይቀድማል። ዝናብ ሲዘገይ የሚከስረው እሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሐሙስ ሌሊት ሄደች። አክስቴ ድርቆሽና በርበሬ ጠቅልላ፣ ሻንጣው ኪሎ አለፈ ተብሎ ግማሹ ተመልሶ፣ እንደ ሁሌው። ከአውቶቡሱ ወርዳ አውሮፕላኑ ጋ ስትደርስ ደወለችልኝ። ከኋላዋ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ጩኸት ይሰማል።

«ጅራቱ ጋ የሚጮኸው ምንድነው?»

ነገርኳት።

«በሰዓት ስንት ይጠጣል?»

ገምቼ ነገርኳት። ከግምት የተሻለ የምሰጣት አልነበረኝም።